ሁለቱም በባዶ ሆድ

ጀርባችሁን ሲያማችሁ ከከረመ፣ ማታ ማታ አንሶላ እስኪርስ የሚያልባችሁ ከሆነ፣ ልብሳችሁም ሳይታወቃችሁ እየሰፋ ከመጣ፣ ይህን ጽሑፍ እዚሁ ላይ ትታችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ስትመለሱ ታነቡታላችሁ። ዘመድ፣ ጎረቤት፣ ወጌሻና የቴሌግራም ሰባኪ ግን ከሐኪም በፊት እንዳያዩአችሁ። እኔን ቀድመው አይተውኝ እግሬን ሊያሳጡኝ ምንም አልቀራቸውም ነበር።

አስቴር እባላለሁ። መኪና መንዳት አስተምራለሁ። ከገርጂ ወደ ሰሚት በሚወስደው መንገድ ላይ «ለማጅ» የሚል ሰሌዳ በለጠፈች አሮጌ መኪና ውስጥ ስትቆጣ የምትታይ ሴት ካለች እኔ ልሆን እችላለሁ። በዚህ ሥራዬ ስለ ጸሎት ብዙ አይቻለሁ። ፍሪሲዮንና ፍሬን ለይቶ የማያውቅ ሰው ፈተና ሊገባ ሲል ደጋግሞ ያማትባል። ስፖኪዮ አያይም፣ ያማትባል። ፍሬቻ አያሳይም፣ ያማትባል። «መስታወቱን እይ» ስለው «እትዬ፣ እምነት ይበልጣል» ይለኛል። ሲወድቅ ደግሞ የእግዚአብሔር ፈቃድ አልነበረም ይላል። የመንገድ ሕጉን ገልጦ አለማየቱ ጭራሽ አይነሣም። እኔም ክርስቲያን ነኝ፤ እጾማለሁ፣ አስቀድሳለሁ። ነገር ግን የራሱን ስንፍና በእግዚአብሔር ላይ የሚያላክክ ሰው ሳይ ደሜ ይፈላል።

ሕመሙ የጀመረኝ ከወገቤ ከፍ ብሎ መሐል ጀርባዬ ላይ ነው። መጀመሪያ ሁሉም ሰው «ከመቀመጥ ነው» አለኝ። ቀጥሎ አመሻሽ ላይ ትኩሳት መጣ። በሰፈራችን ያለ ክሊኒክ ገባሁ፤ ደም ሰጠሁ፤ ታይፎይድና ታይፈስ ተባልኩ። በአዲስ አበባ ትኩሳት ይዞት ክሊኒክ ገብቶ ታይፎይድ ሳይባል የወጣ ሰው ካለ ላየው እፈልጋለሁ። መርፌውን ተወግቼ ጨረስኩ፤ ሕመሙ ግን አልጨረሰም። ሌላ ክሊኒክ ሄድኩ። እዚያ ያለው ሰውዬ ሆዴን በመሣሪያ አየና «ኩላሊትሽ አሸዋ አለው፣ ውኃ ጠጪ» አለኝ። ጠጣሁ። ከመጠጣቴ የተነሣ ከተማሪ ጋር ከመገናኛ ሰሚት መድረስ አቅቶኝ በየመንገዱ ሽንት ቤት ለማኝ ሆንኩ። ከዚያ አንድ ወጌሻ መጣ፤ ጅማት ዞሮብሻል ብሎ በቅቤ እያሸ፣ አሁን ሳስበው የታመመውን አጥንት በጉልበቱ ተጫነው። ያን ቀን የጮኽኩትን ጩኸት ጎረቤቶቼ ዛሬም ያነሡታል።

ነገሩ ቀልድ አለመሆኑን ያወቅኩት መንገድ ላይ ነው። ያን ቀን የማስተምረው አንድ ጎልማሳ የሕንፃ ዕቃ ነጋዴ ነበር። ከፊታችን ታክሲ ድንገት ቆመ። «ፍሬን!» አልኩት። ሰውየው መሪውን ለቀቀና በሁለት እጁ ፊቱን ሸፍኖ «ማርያም ድረሽ» አለ። በእኔ በኩል ሌላ ፍሬን አለ፤ ለእንዲህ ዓይነቱ አማኝ የተዘጋጀ ነው። እግሬን ላኩት፣ አልሄደም። ቀኝ እግሬ ከእኔ ጋር አልነበረም። በግራው ረግጬ መኪናዋ ከታክሲው ጀርባ ትንፋሽ በማይሞላ ርቀት ላይ ቆመች። የታክሲው ረዳት ወርዶ አውርዶ ሰቀለን። ተማሪዬ «አየሽ፣ ማርያም ናት ያተረፈችን» አለኝ። እኔ ግን እጄን ወደ እግሬ ሰደድኩ። እግሬን ስቆነጥጠው አይሰማኝም ነበር፤ በጣም ፈራሁ።

ባለቤቴ ግደይ መገናኛ የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ አለው። ዝምተኛ ሰው ነው፤ እኔ ለሁለታችንም ስለምናገር ይሆናል። ያን ለታ ሱቁን ዘግቶ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ያለ አንድ የአጥንት ሐኪም ዘንድ ወሰደኝ። የመጠበቂያ ክፍሉ ሙሉ ነበር። ግድግዳው ላይ ያለው ቴሌቪዥን የአፓርታማ ሽያጭ ያስተዋውቃል፤ ከጎኔ ያሉ ሴትዮ መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ፤ ወዲያ ማዶ አንድ ወጣት ተራው ስላለፈው ይጨቃጨቃል። ሐኪሙ መረመረኝና ኤም አር አይ አዘዘ። አጥንትና ነርቭ አጥርቶ የሚያሳይ ማሽን ነው፤ ጠባብ ቱቦ ውስጥ ያስተኟችኋል፣ ውስጡ እንደ ቆርቆሮ ቤት ጥገና ይንኳኳል።

እዚያ ውስጥ ልጸልይ ሞከርኩ። አባታችን ሆይን ጀመርኩ፣ ፈቃድህ ይሁን የሚለው ቦታ ላይ ስደርስ ግን ተያዝኩ። ፈቃዱ እንዲሆን አልፈልግም ነበር። የእኔ ፈቃድ እንዲሆን ነበር የምፈልገው። ፈቃዱ እግሬን መውሰድ ቢሆንስ? ስለዚህ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ተውኩና «እግሬን፣ እግሬን ብቻ» እያልኩ ወጣሁ። የሚያምር ጸሎት አይደለም። ግን በዚያ ዓመት ከሰማኋቸው ጸሎቶች ሁሉ ውሸት ያልነበረበት እሱ ነበር።

ሐኪሙ ውጤቱን አይቶ፣ በመርፌ ትንሽ ናሙና አስወስዶ፣ ቁርጡን ነገረኝ። «የአከርካሪ አጥንት ቲቢ ነው» አለ። ቲቢ ሳንባ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አጥንትም ይበላል አለኝ፤ የተጠራቀመው መግል ነርቩን ስለተጫነው ነው እግሬ የደነዘዘው። «መድኃኒቱን በየቀኑ ሳታቋርጪ ከወሰድሽ እግርሽ የሚመለስበት ዕድል ትልቅ ነው። ካቋረጥሽ ልትተኚ ትችያለሽ» አለ። ልትተኚ ያለው እንቅልፍ አልነበረም። ግደይን ኮሪደሩ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆሞ አገኘሁት።

መድኃኒቱ በሰፈሬ ጤና ጣቢያ ይሰጣል። እዚያ የቲቢ ክፍል ነርስ የሆነችው ሲስተር፣ ሳቅ የማታውቅ ሴት፣ ሁሉን በግልጽ አስረዳችን። ክኒኑ ጠዋት በባዶ ሆድ ይዋጣል። ሽንትሽ ቀይ ብርቱካናማ ይሆናል፣ አትደንግጪ፣ መድኃኒቱ ነው። በሽታሽ ሳንባ ውስጥ ስላልሆነ ወደ ሰው አይተላለፍም። መራመድ ስላቃተሽ ደግሞ ክኒኑን ባልሽ እየወሰደ ዓይኑ እያየ ያስውጥሽ። ግደይ እሺ አለ። እሺ ሲል የሚያሳዝን ሰው ነው፤ ለሁሉም ሰው እሺ ስለሚል ዋጋ አያወጣም።

በሽታው ስም ሲያገኝ ቤቴ የጸሎት ቤት ሆነ። የታመመ መጠየቅ ደግ ልማድ ነው፤ ብርቱካንና ሙዝ ይዞ መጥቶ «እግዚአብሔር ይማርሽ» ብሎ፣ ጥቂት ተጫውቶ የሚሄድ ሰው ይባረክ። የእኔዎቹ ግን አይሄዱም። አንዷ ራሴ ላይ እጇን ጭና ትደግማለች፣ ሌላዋ ስልኳን ከፍታ የማላውቀው ሰው በቴሌግራም የላከውን የድምፅ ጸሎት ታሰማኛለች፣ ሌላው «እግዚአብሔር ሳይደግስ አይጣላም» ይልና ድግሱ የት እንዳለ ሳይነግረኝ ይወጣል። ሽንቴ መጥቶብኝ ጸሎቱ እስኪያልቅ ጥርሴን ነክሼ የተኛሁበት ጊዜ ብዙ ነው። ጸሎታቸውም ወደ ላይ የሚሄድ አይመስልም ነበር፤ ወደ እኔና ወደ ጎረቤት ነው የሚነገረው። «ጌታ ሆይ፣ ይህች እኅታችን በምላሷና በትዕቢቷ የሠራችውን አንተ ታውቃለህ» የሚል ጸሎት ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? አሜን የተጨመረበት ስድብ ነው።

የሁሉም አለቃ የግደይ ታላቅ እኅት እትዬ ለተብርሃን ነበሩ። ባላቸው የሞቱ፣ ልጅ የሌላቸው፣ ከእኛ ብሎክ አጠገብ የሚኖሩ ሴት ናቸው። እናታቸው በልጅነታቸው ስለሞተች ግደይን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ እሱም ከዚያ ወዲህ እምቢ ብሏቸው አያውቅም። እኔን ለማስታመም ሻንጣቸውን ይዘው ገቡ። ልብሴን አጥበዋል፣ ገንፎ አገንፍተዋል፣ ይህን አልክድም። ግን እጃቸውን ግንባሬ ላይ አድርገው እየጸለዩልኝ ስኒዬን ለብቻ አስቀመጡት። «አይተላለፍም ተብሏል እኮ» ስላቸው «አምናለሁ» አሉና የስኒው እጀታ ላይ ቀይ ክር አሰሩ።

እትዬ በየሳምንቱ የሚሄዱበት አዳራሽ ነበር፤ ከሰሚት ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ሠርግ በሌለበት ቀን የሚከራይ አዳራሽ። እዚያ አንድ «መምህራችን» የሚሉት ሰው ያስተምራል፣ ይጸልያል፣ ጸበል ይረጫል። ማን ፈቀደለት፣ ከየትኛው ደብር ነው ብሎ የጠየቀ አልሰማሁም። ነጭ ልብሱ ንጹሕ ነው፣ ድምፁም ወፍራም ነው፤ ለብዙ ሰው ይኸው ይበቃል። የሽንቴን መቅላት እትዬ አይተው «ደምሽ እያለቀ ነው፣ መድኃኒቱ እየገደለሽ ነው» ብለው ነበር። በስልክ ለመምህሩ ነገሩት። እሱ ደግሞ «እየወጣ ነው» አለ። ምኑ? አልተናገረም። ስለዚህ ደሜ በማለቁ እያለቀሱ፣ የሆነ ነገር በመውጣቱ እያመሰገኑ ዋሉ።

አንድ ቀን ሰውየው ራሱ ቤቴ መጣ። አልጋዬ አጠገብ ተቀመጠና የክኒኑን ካርቶን አንሥቶ አገላብጦ አስቀመጠው።

«መድኃኒት አቁሚ አልልም» አለ። «እኔ እንዲህ ብዬ አላውቅም። ግን እኅቴ፣ እምነትሽን ሁለት ቦታ አትክፈዪ። በሁለት ዛፍ የተንጠለጠለ ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ።»

«እና የትኛውን ዛፍ ልልቀቅ?» አልኩት።

«እሱን መንፈስሽ ይነግርሻል» አለና ፈገግ አለ።

እንዲህ ያለ ሰው ነው የሚያስጠላኝ። ብትሞቺ እጁ ንጹሕ ነው፤ አቁሚ አላለማ። ብትድኚ ደግሞ የእሱ ነሽ። ከፍርድ ቤትም ከሰማይም የሚያመልጥ አነጋገር ከየት እንደተማረው እንጃ።

ከዚያ በኋላ ነው የባዶ ሆዱ ነገር የመጣው። እትዬ ለተብርሃን ከአዳራሹ በጀሪካን ጸበል ይዘው መጡ። ጸበል የሚጠጣው ምንም ሳይቀመስ በባዶ ሆድ ነው፤ ይህን የማያውቅ የለም። መምህሩ ደግሞ ከጠጡ በኋላ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም በአፍ አይዞርም ብሎ ጨመረበት። ክኒኑም በባዶ ሆድ፣ ጠዋት፣ በሰዓቱ ነው። አንድ ሆድ ነው ያለኝ፣ እሱም ባዶ የሚሆነው በቀን አንድ ጊዜ ነው። ክኒኑን ካስቀደምኩ ጾሜ ተፈታ፣ ጸበሉ ቀረ። ጸበሉን ካስቀደምኩ ክኒኑ ሰዓቱ አለፈ፣ ቀስ እያለም ቀረ። ይህ ክርክር ለሌላ አገር ሰው ቢነገረው የሚገባው አይመስለኝም፤ በእኛ ቤት ግን ሰው እስከ መኮራረፍ አድርሷል።

«ለአንድ ሱባኤ ብቻ ጸበሉን አስቀድሚ» አሉ እትዬ። «ክኒኑን ማን ይወስድብሻል? ተቀምጦ ይጠብቅሻል።»

ይህን ስሰማ ግደይን አየሁት። ክኒኑን የሚያስውጠኝ እሱ ነው፤ ሲስተር ፊት እሺ ያለው እሱ ነው። መሬት መሬት ያይ ነበር።

«ለአንድ ሱባኤ ምናልባት» አለ ቀስ ብሎ። «እትዬም ደስ እንዲላት።»

በሕመሜ ሁሉ እንደዚያ ያዘንኩበት ጊዜ የለም። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ይወደኛል። ግን በእኔ እግርና በእኅቱ ፊት መካከል ሲመዝን አየሁት። ያን ምሽት አልጋዬ ውስጥ የእግሬን ጣቶች ለማንቀሳቀስ ስሞክር አውራ ጣቴ ብቻ እሺ አለኝ። ግደይና እትዬ ተነሥተው ቢተዉኝ ነገ ሽንት ቤት እንኳ ብቻዬን እንደማልደርስ አሰብኩና አለቀስኩ። እትዬ ሰምተው መጡና እየጸለይኩ መስሏቸው «በርቺ» ብለውኝ ተመለሱ።

ሲነጋ ሁለቱም መጡ። እትዬ ጸበሉን በብርጭቆ ቀድተው በቀኜ ቆሙ። ግደይ በግራዬ ቆመ፤ እጁን ኪሱ ውስጥ አድርጓል። «የት አለ?» አልኩት። ካመነታ በኋላ እጁን አወጣና መዳፉን ዘረጋ። ክኒኖቹ እዚያው ነበሩ፤ ሌሊቱን ይዟቸው ያደረ ይመስል ላብ ነክቷቸዋል። ለመስጠት ይሁን ለመደበቅ ይዟቸው እንደነበር እስከ ዛሬ አልጠየቅኩትም። ከመዳፉ አነሣኋቸው። ከእትዬ እጅ ብርጭቆውን ተቀበልኩ። በስመ አብ ብዬ አማተብኩና ክኒኖቹን በጸበሉ ዋጥኳቸው።

«ምን አደረግሽ?» አሉ እትዬ።

«ሁለቱንም በባዶ ሆድ አላላችሁኝም? ወሰድኩ።»

እትዬ ብርጭቆውን እንደ ማስረጃ ይዘው ስልክ ደወሉ፣ የነፍስ አባታችን አባ ተክሌ መጥተው እንዲገሥጹኝ። እኔ ከአባ ተክሌ ብዙ አልጠብቅም ነበር። ጸሎት መሐል እንቅልፍ ይወስዳቸዋል፣ ማዕድ ሲቀርብ ግን ንቁ ናቸው። የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ በየፎቁ እያረፉ ወጥተው ሲገቡ ምሳ ደርሶ ነበር። ተቀመጡ፣ ባረኩ፣ መብላት ጀመሩ።

«አባ፣ ይህች ልጅ በጸበል ክኒን ዋጠች» አሉ እትዬ።

«የምን ክኒን?»

«የቲቢ።»

«ታዲያ በምን ልትውጠው ኖሯል? በለስላሳ?»

እትዬ ደነገጡ። «ጸበሉ አይረክስም ወይ?» አሉ።

አባ የጎረሱትን ዋጡ። «ለተብርሃን፣ ጸበሉ በክኒን የሚሸነፍ ከሆነ ሰይጣን ሲመጣበት ምን ሊሆን ነው?» አሉ። «መለመን የእኛ ነው። በየት በኩል እንደሚምር መንገድ የምናሳየው እኛ ነን እንዴ? እኔ ራሴ የደም ግፊት ክኒን አለኝ፣ ከቅዳሴ መልስ እውጣለሁ። እስካሁን ማንም ከሰማይ አልወቀሰኝም።»

«መምህራችን ግን …»

«መምህራችሁን አላውቀውም። ወጡን ጨመር አድርጊልኝ።»

ሲወጡ ግደይን በሩ ላይ ጠርተው የሆነ ነገር ነገሩት። ምን እንዳሉት አልነገረኝም፤ ብቻ ከዚያ ቀን ጀምሮ ክኒኑን በሰሃን አድርጎ፣ ፊት ለፊቴ ቆሞ፣ እስክውጥ ይጠብቅ ነበር። አንድ ቀንም አልተወውም። እትዬ ለተብርሃን በበኩላቸው ሽንፈት የሚባል ነገር አያውቁም። በሳምንቱ ለጎረቤት «ክኒኑን ጸበሉ እየመራው ነው» ማለት ጀመሩ። እኔም ተውኳቸው። የሚመራኝ ክኒን ይሁን ጸበል፣ እግሬ ድረስ ከደረሰ አልጨቃጨቅም።

መዳን ደግሞ ለተአምር ወዳጆች የማይመች ነገር ነው፤ ቀስ ይላል። መጀመሪያ ላቡ ቆመ። ቀጥሎ የምግብ ፍላጎቴ መጣ። ከዚያ የቀኝ እግሬ ጣቶች፣ ከዚያ ቁርጭምጭሚቴ። ጀርባዬን በሰፊ ቀበቶ ታስሬ በግደይ ትከሻ ሽንት ቤት ደረስኩ። ወራት አልፈው ደረጃውን በራሴ ወርጄ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀመጥኩ። ያን ቀን አመሰገንኩ፤ ጮክ ብዬ አይደለም፣ የሰማኝም የለም። ጸሎት ማለት ያ ከሆነ ብዙ ቃል አይፈልግም። በሽንት ቤት በርና በአልጋዬ መካከል ስንት ጊዜ እንዲህ እንደጸለይኩ ቢቆጠር ከእነዚያ የቴሌግራም ሰዎች እበልጥ ይሆናል።

መድኃኒቱን ጨርሼ «ድነሻል» ስባል እትዬ ለተብርሃን አዲስ ነገር አመጡ።

«ቆማ ከሄደች አዳራሹ መድረክ ላይ ምስክርነት ትሰጣለች ብዬ ተስያለሁ» አሉኝ።

«በእኔ አፍ ነው የተሳሉት?»

«እና በማን አፍ ልሳል? የዳንሽው አንቺ።»

ሄድኩ። ስለታቸውን ላደርስላቸው ሳይሆን ልናገር የፈለግኩት ነገር ስለነበረኝ ነው። አዳራሹ ጢም ብሏል፤ ካለፈው ሠርግ የተረፈ የፕላስቲክ አበባ መድረኩ ላይ ተሰቅሏል፤ ካሜራ ተደግኗል። አንድ አስተባባሪ ጠጋ ብሎ «እኅቴ፣ የሐኪም ቤቱን ነገር ባታነሺው፤ ሰዓት ያጥርብናል» አለኝ። እሺ አልኩት፤ የባሌን እሺ ተውሼ።

ማይኩን ስይዝ «አስቴር እባላለሁ፤ እግሬ ሽባ ሊሆን ነበር፣ ይኸው ቆሜያለሁ» አልኩ። እልልታ ሆነ። «ጸበል ጠጥቻለሁ» አልኩ። እልልታው ጨመረ። «የቲቢ ክኒንም አንድ ቀን ሳላቋርጥ ውጫለሁ፤ ክኒን የጀመራችሁ ሰዎች ካላችሁ …» ስል ማይኩ ሞተ። ጮክ ብዬ ቀጠልኩ፤ ከበሮ ተመታ፣ እልልታው ዋጠኝ። መምህሩ በፈገግታ ክንዴን ይዞ ከመድረክ አወረደኝ። ያን ሁሉ ሕዝብ ሳይ ንቀቴ ራሴን አስፈራኝ። በጎች ናችሁ ብዬ እየተሳደብኩ ነበር የወጣሁት፤ በልቤ እንጂ በአፌ አልነበረም፣ እትዬ አጠገቤ ስለነበሩ።

በር ላይ አንዲት ነጠላ የተከናነበች ሴት ክንዴን ነካችኝ። ጉንጯ ገብቷል፣ ዓይኗ ጎድጉዷል። የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ ሳለች።

«እትዬ፣ ክኒን ነው ያሉት? በደንብ አልሰማሁም» አለችኝ።

«ክኒን ነው ያልኩት። የቲቢ።»

«እኔም ነበረኝ። የሳንባ ነው ብለውኝ ነበር። እምነትሽን ሁለት ቦታ አትክፈዪ ሲሉኝ ተውኩት።»

«እንዴት ትተዪዋለሽ? አእምሮ የለሽም?» ልላት አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ግን ደግማ ሳለች፣ ሳሉም ጎንበስ አደረጋት። ዙሪያዋን ሰው እልል እያለ ያልፋታል። ስሟ ብርቄ ነው፤ መገናኛ ድንችና ሽንኩርት ትሸጣለች፣ ከገጠር የመጣች ናት፣ አንዲት ክፍል ተከራይታ ብቻዋን ነው የምትኖረው። ይህን ሁሉ የነገረችኝ ስለጠየቅኋት ነው፤ በዚያ አዳራሽ ከዚያ በፊት የጠየቃት አልነበረም። በማግስቱ ጠዋት ጤና ጣቢያው በር ላይ እንድትጠብቀኝ ነገርኳት። ትመጣለች ብዬ አላመንኩም ነበር። ስደርስ በሩ ገና አልተከፈተም፣ እሷ ግን አጥሩን ተደግፋ ቆማለች።

ብርቄ የቲቢ ክፍል ገባችና በሩ ተዘጋ። እኔ ደጅ አግዳሚው ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። ሳሏ ከውስጥ ይሰማኛል። በመምህሩ ተናድጄ ነበር፣ በከበሮው፣ በእልልታው፣ ሳትጠይቅ በሰማችው በብርቄም ጭምር። ከንዴቱ ሥር ግን ፍርሃት ነበረ። ትሞታለች ብዬ ፈራሁ። የማላውቃት ሴት ናት፤ ብትሞት ማንም አይጠይቀኝም፣ ግን ፈራሁ። መድኃኒቱ አለ፣ ነርሷ አለች፤ ጠዋት ጠዋት ክኒኑን ይዞ ፊቷ የሚቆም ሰው ግን የላትም። ያ ሰው ባይኖረኝ እኔ የት እንደምገኝ አውቃለሁ።

ዙሪያዬን አየሁ፤ ሰው አልነበረም። ነጠላዬን ሳብ አድርጌ አማተብኩ። ራሴን እየታዘብኩ፣ በዚያ ዓመት የናቅኳቸውን ሴቶች መስዬ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ። «ጌታዬ፣ ይህች ሴት ብቻዋን ናት፣ ሰው ስጣት» አልኩ።

አሜን ሳልል በሩ ተከፈተ። ሲስተር አንገቷን ብቅ አድርጋ ኮሪደሩን ቃኘች።

«የብርቄ አስታማሚ ማነው?»

ግራ ቀኙን አየሁ። ወንበሩ ላይ ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም።

«እኔ ነኝ» አልኩና ወገቤን ይዤ ተነሣሁ።